ታናሽ በታላቅ የሚስቅበት ቀን
በዓመቱ መጨረሻ ስለሚከበሩ የሳቅ በዓላት ለመምህራን የተደረገ ንግግር



በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ከእኔ አስቀድመው የሚናገሩት ወንድሞቼና እኅቶቼ የመረጧቸውን አርእስት ተመለከትሁ። አንዱ ስለ ፈተና አሰጣጥ፥ ሌላው ስለ መማሪያ መጻሕፍት ማነስ፥ ሌላዋ ስለ ልጃገረዶች ትምህርት ሊናገሩ ተዘጋጅተዋል። ሁሉም ክብደት ያለው ነገር ነው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ሳቅ ልናገር ነው። ይህን ስል ከእናንተ አንዳንዶቹ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ ፈገግታውም ለአርእስቴ መልካም መክፈቻ ስለሚሆን አመሰግናችኋለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን የመረጥሁት ለመዝናኛ ብቻ አለመሆኑን፥ በአንድ ወቅት አንድ ተማሪ በእኔ ላይ በመሳቁ እኔ ያጠፋሁትን ጥፋት ስነግራችሁ ትረዱታላችሁ። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ጥቂት አገሮችን እንዞራለን።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው ልናገር። አውሮፓውያን ዲሴምበር የሚሉት ወር በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 22 ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 22 ቀን ያልቃል፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የአንድ ቀን ልዩነት ይደርስበታል። እነርሱ የክርስቶስን ልደት ዲሴምበር 25 ቀን ሲያከብሩ፥ እኛ ታኅሣሥ 29 ቀን እናከብራለን፤ ይህም በእነርሱ ቍጥር ጃንዩወሪ 7 ቀን ነው። ተማሪዎቻችን በየዓመቱ «ስለ ምን ተለያየ?» እያሉ ይጠይቁናል። መልሱ አጭር ነው። በጥንቱ በዩልዮስ ቄሣር አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን የሚባለውና የእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን አንድ ቀን ናቸው። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቀን መቍጠሪያውን ሲያርሙ 10 ቀን ተዘለለ፤ ልዩነቱም እያደገ ሄዶ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ስለዚህ እነርሱ የዲሴምበርን መጨረሻ፥ እኛም የታኅሣሥን መጨረሻ ስናከብር፥ ከጥንት በአንድነት የነበረውን ወቅት እያከበርን ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ወቅቱ በሰሜን አገሮች የጨለማ ወቅት ነው። ዲሴምበር 21 ቀን አካባቢ በለንደን ከተማ ፀሐይ የምትታየው ስምንት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። በእኛ አገር ግን በዚያው ቀን መዓልቱ ከ12 ሰዓት የሚያንሰው በጥቂቱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ጨለማው እምብዛም አይሰማንም፤ የእኛ ታኅሣሥ እህል የሚወቃበትና አውድማ የሚሞላበት ወር ነው። አንዱ ከጨለማ የተነሣ፥ ሌላው ከጥጋብ የተነሣ፥ ሁሉም በዚህ ወቅት ከሥራው ቀና ብሎ ይስቃል። የሚገርመውም ነገር የሳቁ መልክ ነው። ብዙ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ፥ በዚህ ወቅት ታናሽ በታላቅ ላይ እንዲስቅ የተፈቀደበትን ቀን አቁመዋል።

ከሮማውያን እንጀምር። የጥንት ሮማውያን ሳቱርን ለሚሉት፥ የዘር አምላክ ነው ብለው ለሚያምኑበት ጣዖት፥ ከዲሴምበር 17 ቀን ጀምሮ በዓል ያደርጉ ነበር፤ ስሙም ሳቱርናልያ ይባል ነበር። በዓሉ መጀመሪያ የአንድ ቀን ሲሆን፥ በኋላ ግን ቀኑ እየጨመረ ሄዶ እስከ ሳምንት ደረሰ። በዚያን ጊዜ ፍርድ ቤት ይዘጋል፤ ትምህርት ቤትም ይዘጋል። ባሪያ ከጌታው ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል፤ በአንዳንድ ቤትም ጌታው ራሱ ያስተናግደዋል። በዕጣ አንድ የቀልድ ንጉሥ ይመረጥና የሚያዘው የማይረባ ትእዛዝ ሁሉ ይፈጸማል፤ ዝፈን ያለው ይዘፍናል፥ በቀዝቃዛ ውኃ ተነከር ያለውም ይነከራል።

ስለዚህ በዓል ከጻፉት ሰዎች መካከል ሁለቱን ለእኛ ለመምህራን ማንሣት ይጠቅማል። ፈላስፋው ሴኔካ ከተማው ሁሉ በዲሴምበር በጩኸት ላብ እንዳጠመቀው እየጻፈ፥ ጠቢብ ሰው ከሕዝቡ ሳይለይ ነገር ግን ራሱን ሳይጥል እንዴት ሊያከብር እንደሚገባው ይመክራል። ታናሹ ፕሊኒ ደግሞ በባሕር ዳር ባለው ቤቱ ከሌላው ክፍል ራቅ ያለች አንዲት ክፍል እንዳለችው ይናገራል። በበዓሉ ሰሞን ቤቱ በሳቅና በጩኸት ሲናወጥ፥ እርሱ ወደዚያች ክፍል ገብቶ መጽሐፉን ያነባል። ምክንያቱንም ሲገልጽ፥ እርሱ የቤተ ሰቡን ደስታ እንዳያውክ፥ እነርሱም የእርሱን ንባብ እንዳያውኩ መሆኑን ይነግረናል። ይህ ሰው የጌትነት መብት ነበረው፤ «ዝም በሉ!» ቢል ቤቱ ሁሉ ዝም ይል ነበር። እርሱ ግን ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ከመምህራን መካከል ይህን የሚያህል ትዕግሥት ያለን ስንቶች ነን?

ከዚያ በኋላ የክርስትና ዘመን መጣ፤ ሳቁም መልኩን ለውጦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ፥ በፈረንሳይና በጀርመን አገር ባሉ ትላልቅ ካቴድራሎች ከሚዘምሩት ሕፃናት አንዱ «ሕፃን ጳጳስ» ተብሎ ይመረጥ ነበር። በልኩ የተሰፋ የጳጳስ ልብስ ይለብሳል፤ አክሊል ይደፋል፤ በትረ ሙሴም ይይዛል። ሹመቱ በብዙ ቦታ ከቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል፥ ከዲሴምበር 6 ቀን፥ እስከ ዲሴምበር 28 ቀን ይቆያል። የማታ ጸሎት ሲደርስ፥ ኃያላን ከዙፋናቸው እንደሚወርዱ፥ ትሑታንም ከፍ እንደሚሉ የሚናገረው የእመቤታችን የማርያም ጸሎት ሲዘመር፥ ትልቁ ጳጳስ ከመንበሩ ይነሣና ሕፃኑ ይቀመጥበታል። በቃል የተዘመረው ነገር በዚያች ሰዓት በዓይን ይታያል። እንዲህ ያለውን ማስተማሪያ ዛሬ እኛ «የተግባር ትምህርት» እንለው ነበር።

ዲሬክተሮችን በይበልጥ የሚመለከተው ግን ይህ ነው። ጆን ኮሌት የተባለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ በለንደን በ1509 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤትን አቋቋመ። ኮሌት የኤራስመስ ወዳጅ፥ ቁም ነገረኛ፥ ጾመኛና ጥብቅ ሰው ነበር። ለትምህርት ቤቱ ባወጣው ደንብ ውስጥ ግን ተማሪዎቹ ሁሉ በየዓመቱ በሕፃናቱ በዓል ቀን ወደ ካቴድራሉ ሄደው የሕፃኑን ጳጳስ ስብከት እንዲሰሙ፥ እያንዳንዱም አንድ አንድ ፔኒ እንዲሰጠው አዝዟል። ያ ጥብቅ ሰው ልማዱ ቀልድ ነው ብሎ አልሰረዘውም፤ በትምህርት ቤቱ ደንብ ውስጥ ጻፈው እንጂ። በኋላ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1541 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከለው፤ በሴት ልጁ በንግሥት ማርያም ዘመን ለጥቂት ጊዜ ቢመለስም በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ጠፋ። በሃያኛው መቶ ዓመት ግን በሄርፎርድና በሳልዝበሪ ካቴድራሎች እንደገና ታድሷል።

የሕፃናቱ በዓል የተባለው ዲሴምበር 28 ቀን፥ ሄሮድስ ያስገደላቸው የቤተ ልሔም ሕፃናት በምዕራባውያን ዘንድ የሚታሰቡበት ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 19 ቀን፥ ማለት የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው። በቍልቢ ሕዝቡ እንደ ጐርፍ የሚሰበሰብበት፥ ናቡከደነፆር ወደ እሳት የጣላቸው ሠለስቱ ደቂቅ የዳኑበት ቀን ነው። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ቀን የሚያስቡት ታሪክ ልዩ ልዩ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም ታሪክ ውስጥ አንድ ቍጡ ንጉሥና ታናናሾች አሉ። ተማሪ ፊት የሚቆም ሰው ይህን ቀን ሲያስብ፥ ቍጣ ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ አብሮ ማሰብ ይገባዋል።

አሁን ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ወደ ትምህርት ቤት እንግባ። በእንግሊዝ፥ በስኮትላንድና በአየርላንድ ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፥ ለገና ዕረፍት ጥቂት ቀን ሲቀረው ተማሪዎች መምህራቸውን ከደጅ የማስቀረት ልማድ ነበራቸው። በማለዳ ተነሥተው ወደ ትምህርት ቤት ይገቡና በሩን በወንበርና በጠረጴዛ ይደግፉታል፤ ለቀናት የሚበቃ ምግብም ይዘው ይገባሉ። መምህሩ መጥቶ በሩን ያንኳኳል፤ ይለምናል፤ ይዝታል። በስምምነቱ መሠረት በሩን ሰብሮ የገባ እንደ ሆነ ይገርፋቸዋል፤ መግባት ካቃተው ግን የዕረፍቱን ቀንና የቅጣቱን ልክ የሚወስን ውል ይፈርምላቸዋል። ደራሲው ሳሙኤል ጆንሰን ስለ ጆሴፍ አዲሰን ሕይወት ሲጽፍ፥ ይህ ኋላ በጽሑፉ ጨዋነት ስሙ የገነነ ሰው በሊችፊልድ ተማሪ ሳለ እንዲህ ያለውን የበር መዝጋት እንደ መራ የሰማውን ይተርካል። የዛሬው ረባሽ የነገ ሊቅ ሊሆን እንደሚችል ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን የዚህን ልማድ ክፉ ገጽ ብደብቅ ታማኝ ተናጋሪ አልሆንም። በ1595 ዓ.ም. በኤድንብራ ከተማ የከፍተኛው ትምህርት ቤት ተማሪዎች የለመዱት ዕረፍት ስለ ተከለከለባቸው በሩን ዘጉ። ወሩ ሴፕቴምበር እንጂ ዲሴምበር አልነበረም፤ ልማዱ ግን ያው ነበር። ከከተማይቱ ሹማምንት አንዱ፥ ጆን ማክሞራን የተባለው፥ ሰዎች አስከትሎ በሩን ሊሰብር መጣ። ዊልያም ሲንክሌር የተባለ ተማሪ ከውስጥ በሽጉጥ ተኩሶ ራሱን መታውና ሹሙ ሞተ። በአንድ ወገን የተለመደውን ፈቃድ የነፈገ አለቃ፥ በሌላው ወገን መሣሪያ የያዘ ብላቴና፥ በመካከላቸውም የተዘጋ በር ነበረ። ወሰን የሌለው ጨዋታና መተንፈሻ የሌለው ሥርዓት ሲገናኙ ፍጻሜው እንዲህ ያለ ነው።

በሌሎችም አገሮች የወቅቱ በዓላት ብዙ ናቸው፤ ሁሉን ብዘረዝር የምሳ ሰዓት ያልፍብናል። በስፔን አገር በአሊካንቴ ግዛት ባለችው ኢቢ በምትባል ከተማ፥ በዚያው በዲሴምበር 28 ቀን አንድ የሰዎች ቡድን በቀልድ መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ የከተማይቱን ሥልጣን ይይዛል፤ የሚያስቅ ሕግ ያውጃል፤ ሕጉን የጣሰውንም ገንዘብ ያስከፍላል። አልከፍልም ያለ በዱቄትና በእንቍላል ይለወሳል። የተሰበሰበው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል፤ ማታ በጭፈራ ሁሉም ያበቃል። በሜክሲኮ አገር በዋሃካ ከተማ ደግሞ ዲሴምበር 23 ቀን ማታ ገበሬዎች ፍጅል የተባለውን ሥራ ሥር እየቀረጹ፥ የሰውና የቤተ ክርስቲያን፥ የእንስሳና የጭፈራ ምስል ሠርተው ይወዳደራሉ። ይህ ውድድር በሕግ የቆመው በ1897 ዓ.ም. ነው፤ የከተማው ከንቲባ የገበያተኞችን ብልኃት አይቶ አቆመው። በእንግሊዝ ጦር ውስጥም በገና ቀን መኰንኖች ለተራ ወታደሮች ምሳ የማቅረብ ልማድ አለ። ኋላ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ማውላና ካሬንጋ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዩወሪ 1 ቀን የሚከበር ኩዋንዛ የተባለ በዓል አቆመ፤ ስሙን የወሰደው «የመጀመሪያ ፍሬ» ከሚል የስዋሂሊ ቃል ነው። እነዚህን በአጭሩ ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። በዓል ሁሉ ከጥንት የወረደ አይደለም፤ አንድ ከንቲባ ወይም አንድ መምህር አስቦ ያቆመው ቀን ሥር ሰዶ ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ለዚህ ነገር ከማንም የምንበደረው የለንም። ታኅሣሥ 29 ቀን የገና ጨዋታ አለን። እረኞች የክርስቶስን ልደት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ሩር እየመቱ እንደ ተጫወቱ አባቶቻችን ይተርካሉ። ጐረምሳው ሁሉ ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ከጫካ መርጦና ቆርጦ፥ በእሳት ለብልቦና አጥንቶ፥ ሰሞኑን ሁሉ ያዘጋጃል። የላይኛው መንደር ከታችኛው መንደር ጋር ይሰለፋል፤ የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም። ጌታውም ከሎሌው ጋር በአንድ ሜዳ ይውላል። ሩሯን ሊመታ የተወረወረ ዱላ የባላባቱን ቅልጥም ያገኘው እንደ ሆነ፥ ባላባቱ ያሻል እንጂ አይከስም፤ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው ብሂል ሕግ ሆኖ ይጠብቀዋልና። ያሸነፈው ወገን ሲመሽ እየጨፈረ ተሸናፊውን፥ አንዳንድ ጊዜም ሹሙን ራሱን፥ በግጥም ይሸነቍጠዋል። ሹሙም ስድቡን ሰምቶ ድግሱን ያቀርባል። በማግሥቱ ሎሌው ሎሌ፥ ጌታውም ጌታ ነው፤ ሎሌው ግን በልቡ ያለውን ተናግሯል፥ ጌታውም ሰምቷል።

በቅኔ ቤታችንም ቢሆን ይህ ነገር አለ። ተማሪው በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ታላቁን ሰው ሲወጋ፥ መምህሩ በመጀመሪያ የሚመረምረው የቅኔውን ቤትና ምሥጢር ነው፤ ምሥጢሩ ካማረ «ይበል!» ይባላል። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ በጌታው ፊት ያሻውን ሲናገር ኖሯል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በሜዳችን፥ በቅኔ ቤታችንና በግብር አዳራሻችን የነበረው ይህ ፈቃድ፥ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን በር ሲደርስ ስለ ምን ቆመ?

አሁን በመጀመሪያ ቃል የገባሁላችሁን ልናገር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፥ ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፥ በአንዲት የወረዳ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ለገና ዕረፍት ሁለት ቀን ሲቀረው ተማሪዎች በአዳራሹ ውስጥ አጭር ቴአትር አሳዩ። ከተማሪዎቼ አንዱ፥ በክፍሉ ከሁሉ ይልቅ ጥያቄ የሚያበዛው ልጅ፥ እጥፉን የሚያህል ኮት ለብሶ፥ ጠመኔ በጆሮው ላይ ሰክቶ ወጣ። አዳራሹ ገና ቃል ሳይናገር ሳቀ፤ ጠመኔ በጆሮው ላይ የሚሰካው እኔ ነኝና። ልጁ ፊቱን ወደ ሰሌዳው፥ ጀርባውን ወደ ሕዝቡ አድርጎ በፍጥነት ጻፈ፤ ከዚያም ዘወር ሳይል «ገባችሁ?» አለ፤ መልስ ሳይጠብቅም «ገብቷችኋል፤ እንለፍ!» ብሎ ሰሌዳውን ደመሰሰ። ይህንም ሦስት ጊዜ ደጋገመው። መምህራን ባልደረቦቼ ሳይቀሩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እኔ ግን ተነሣሁ። ቴአትሩን አስቆምሁ። ልጁን በክንዱ ይዤ ከአዳራሹ አስወጣሁትና ወላጅ ሳያመጣ እንዳይመለስ አዘዝሁ። ከዕረፍቱ በኋላ አባቱን ይዞ መጣ። አባቱ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ሩቅ መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ልጃቸው ለምሆነው ለእኔ እጅ ነሡና «ልጄ ስለ በደለዎ ይቅር ይበሉን» አሉኝ። በደሉ ምን እንደ ሆነ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ልጁ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ እጁ ግን አልተመለሰም። እስከ ሰኔ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አንሥቶ ጥያቄ አልጠየቀም። ስጠራው ይነሣል፤ ያወቀውን ይመልሳል፤ ይቀመጣል። ውጤቱ አልወደቀም፤ ጠባዩም ምስጉን ሆነ። የዲሬክተሩ መዝገብ ቢመረመር ቅጣቱ ፍሬ አፍርቷል የሚያሰኝ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ ዳግመኛም አላገኘሁትም።

በዚያ ዓመት አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መምህር አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ አስቆሙኝ። «ልጄ» አሉኝ፤ «ያ ልጅ ጠመኔህን፥ ድምፅህን፥ አቋቋምህን ያን ያህል አሳምሮ የያዘው ስለ ጠላህ ይመስልሃል?» «ስለ ናቀኝ ነው እንጂ» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «ዓመቱን ሁሉ ልብ በሉ፥ ተመልከቱ እያልህ ትጮኻለህ። ልብ ብሎ የተመለከተህ እርሱ ነበር፤ እርሱን ቀጣኸው» አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ ምክንያቱም ልጁ በቴአትሩ የተናገረው ነገር ሁሉ እውነት ነበረ። «ገባችሁ?» ብዬ መልስ አልጠብቅም ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ይህን ጕድለቴን የነገረኝ መርማሪ አልነበረም፤ በኋላም የነገረኝ ተቈጣጣሪ የለም። የነገረኝ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ የነገረኝም በሳቅ ነው፤ ሌላ የሚናገርበት መንገድ አልነበረውምና።

ዛሬ በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከገና ዕረፍት በፊት ባለው የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ፥ ሠልጣኞች መምህራን ሆነው፥ መምህራን በተማሪ ወንበር የሚቀመጡበት ሥርዓት አለን። ከተጀመረ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሁሉ ነገር መልካም ሆኖ ሄደ ብዬ አላታልላችሁም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሠልጣኝ ከመምህራኑ አንዱን ሲያስመስል እያነከሰ ገባ፤ መምህሩ በእግራቸው ጕዳት ያለባቸው ሰው ናቸው። አዳራሹ ዝም አለ። ሠልጣኙም የሠራው ነገር የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ያ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ከዚያ በኋላ ቀኑን እንተወው ያሉ ነበሩ። እኛ ቀኑን አልተውንም፤ ወሰን አበጀንለት። ወሰኖቹም ሦስት ናቸው።

አንደኛው የጊዜ ወሰን ነው። ጨዋታው በደወል ይጀምራል፤ በደወል ያበቃል። ሮማውያን ቀን ቈርጠውለት ነበር፤ ሕፃኑ ጳጳስም ሹመቱ ሲያበቃ ልብሱን ይመልሳል፤ የገና ዱላም በማግሥቱ ከጓዳ ይሰቀላል። መጨረሻው የታወቀ ሳቅ ሥርዓትን አያፈርስም። ከደወሉ በኋላ ለቀልዱ ቂም የያዘ መምህር፥ ቀልዱን የቀጠለም ሠልጣኝ፥ ሁለቱም እኩል አጥፊዎች ናቸው።

ሁለተኛው የነገር ወሰን ነው። ሰው በሚሠራው ይሳቅበታል እንጂ በተፈጠረበት አይሳቅበትም። የአካል ጕዳት፥ የትውልድ አገር፥ ሃይማኖት፥ ድህነት፥ እንዲሁም የአፍ መፍቻ ቋንቋው በአማርኛው ላይ የሚያሳድረው ድምፅ የተከለከሉ ናቸው። ይህን የመጨረሻውን በተለይ አጥብቄ እናገራለሁ። በየክፍላችን ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ በአንደበቱ የተሳቀበት ልጅ አንደበቱን ይዘጋል፤ የተዘጋ አንደበት እንዴት እንደሚከብድ ደግሞ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ሦስተኛው የቅደም ተከተል ወሰን ነው። ሳቁ ከላይ ይጀምራል። በመጀመሪያ የሚታየው የዲሬክተሩ አስመሳይ ነው፤ ዲሬክተሩም ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ይመለከታሉ። እርሳቸው የሳቁ እንደ ሆነ ከበታቻቸው ያለው ሁሉ ይስቃል። ከታች የተጀመረ እንደ ሆነ ግን ሳቁ በደካማው ላይ ይወድቅና፥ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ጨዋታ መባሉ ይቀራል።

ከእናንተ መካከል «ይህ ነገር የመምህርን ክብር አይቀንስምን?» ብሎ የሚጠይቅ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። ክፍላችን በተማሪ ተጨናንቋል፤ ሥነ ሥርዓት ባይኖር አንድ ቀን ማስተማር አንችልም። እኔ ግን ያየሁትን ልናገር። ባለፉት አምስት ዓመታት በዚያ ቀን የሳቁብኝ ሠልጣኞች በማግሥቱ ሥራቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ያዘዝኋቸውንም ፈጽመዋል። እኔም ከእነርሱ ተምሬአለሁ። በአንደኛው ዓመት ጥያቄ የምጠይቀው በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡትን ብቻ መሆኑን አሳዩኝ፤ በሌላው ዓመት ደግሞ የጠየቅሁትን ራሴ እንደምመልስ አሳዩኝ። እነዚህ ሠልጣኞች ነገ ወደየገጠሩ ሄደው መምህራን ይሆናሉ። ልጅ ሲስቅባቸው የሚያደርጉትን የሚማሩት እኛ ስናደርግ ካዩት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በየትምህርት ቤታችን ከገና ዕረፍት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ይሰጥ። ገንዘብ አያስፈልገውም፤ አዲስ መመሪያም አይጠይቅም። አንድ ደወል፥ ሦስት ወሰንና ከፊተኛው ወንበር የሚቀመጥ አንድ ዲሬክተር ይበቃዋል። በትምህርት ቤቱ ያሉ ተማሪዎች ገናን የማያከብሩ ከሆነ፥ ቀኑ በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ወይም ለሁሉ በሚስማማ በሌላ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱ የአንድ ሃይማኖት ወገን ብቻ አይደለምና።

እነሆ፥ ከሮማ ጀምረን በሊችፊልድና በኢቢ አድርገን ወደ ገና ሜዳችን ደረስን። በዚህ ሁሉ መንገድ ያገኘነው አንድ ነገር ነው፤ ታናሹ የሚናገርበትን አንድ ቀን የሰጠ ታላቅ፥ የቀረውን ዓመት ከሥልጣኑ ምንም አልጐደለበትም። እኔ ያን ቀን ነፍጌ አንድ እጅ አጥቻለሁ፤ ከፍ ብሎ ይታይ የነበረ፥ ሁልጊዜ ጥያቄ የሚጠይቅ እጅ። በእናንተ ክፍል ያለው እንዲህ ያለ እጅ እንዳይወርድ አደራ እላለሁ።